«ሼድ ላይት ኦን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በትክክል ለመጠቀም፦ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ላይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ነው። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ «እስቲ እንግሊዝኛውን ይዩልኝ» እያለ ይመጣል። ጽሑፉ ስለ በግ ይሁን ስለ ባቄላ፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ ይሁን ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋበትም። «ይህ ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ብርሃን ይፈነጥቃል» የምትለዋ ናት። በእንግሊዝኛ «ዚስ ስተዲ ሼድስ ላይት ኦን…» ትባላለች። ከእሷ ጋር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ ሼድ ነው ወይስ ሼይድ? ኦን ነው ወይስ አባውት? ደግሞስ እዚህ ቦታ ላይ ይሄዳል?»

ለእያንዳንዱ ለብቻው ሳስረዳ ቆይቻለሁ። አሁን ሁሉንም በአንድ ላይ ጻፍኩት። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከአረርቲ፣ ከሸዋሮቢትም ሆነ ከእነዋሪ የምትጽፉ ሁሉ ዓረፍተ ነገራችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ተከተሉኝ።

አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛውን ቃል እዚህ የምጽፈው በእኛ ፊደል ነው። እናንተ ስትጽፉት በእንግሊዝኛው ፊደል ትጽፉታላችሁ። አጻጻፉ አሳሳች የሆነበት ቦታ ላይ ፊደል በፊደል እየጠራሁ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያልኩት መሰረዝና መመለስ ስላለ ነው።
• ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ኦክስፎርድም ሎንግማንም ይሆናል፤ በስልክ ያለውም ይሠራል። ፈሊጡን መጀመሪያ «ላይት» ከሚለው ቃል ሥር ፈልጉት። ካጣችሁት «ሼድ» ሥር እዩ።
• የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር። የሌላ ሰው ምሳሌ አይበቃም። ፈሊጡ ይሄዳል ወይ የሚለው የሚታወቀው በእናንተው ጉዳይ ነው።
• የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማታ መብራት ሲጠፋ ዕቃ ቤት ግቡና ባትሪውን አብሩት። ማዳበሪያው፣ እንስራው፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለው ቁርበት ይታያችኋል። እነዚህ ሁሉ ባትሪው ሳይበራም እዚያው ነበሩ። ባትሪው ምንም አላመጣም፤ የነበረውን ነው ያሳየው። ደግሞም ሁሉንም አላሳየም። አንዱ ጥግ ሲበራ ሌላው ጨለማ ነው።

የፈሊጡ ትርጉም ይኸው ነው። ሦስት ነገር ይፈልጋል። በጨለማ ውስጥ ያለ ጉዳይ፣ ብርሃን የሚሰጥ ነገር፣ ከዚያም በብርሃኑ የታየው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ሦስቱን ለማሟላት ናቸው።

«ሼድ» የሚለው ግስም ራሱ ግራ ያጋባል። በእኛ አካባቢ ሼድ ሲባል የሚታየው የቆርቆሮ ቤት ነው። ወጣቶች ተደራጅተው የሚረከቡት የማምረቻ ሼድ፣ ወይም የዶሮ ሼድ። አንድ ተማሪ ፈሊጡን «ሼድ ውስጥ የበራ መብራት» ብሎ ሲረዳው ኖሯል፤ አልፈርድበትም። ሁለቱ ቃላት አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ግሱ ማፍሰስ፣ ማርገፍ፣ መጣል ማለት ነው። እንባ ማፍሰስ «ሼድ ቲርስ» ነው። ደም ማፍሰስ «ሼድ ብለድ» ነው። ዛፍ ቅጠሉን ሲያረግፍም፣ እባብ ቆዳውን ሲጥልም «ሼድ» ይባላል። እንግዲህ «ሼድ ላይት ኦን» ማለት በአንድ ነገር ላይ ብርሃን ማፍሰስ ነው። አማርኛ እንባንና ደምን ያፈሳል፤ ብርሃንን ግን ይፈነጥቃል። ልዩነቱ ይህቺው ናት።

ደረጃዎቹ

1. መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉ፣ ብርሃን የሚል ቃል ሳታስገቡ።

ልትሉ የፈለጋችሁትን ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ አስቀምጡት። «ይህን አናውቅም ነበር፤ አሁን ይህን አወቅን።» በቃ። ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ፈሊጥ ባዶ ሐሳብን ስለሚሸፍን ነው። በተራ ቃል መናገር ያልቻላችሁትን ነገር ፈሊጡ አይናገርላችሁም። ከሚመጡልኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ምን ልትል ነው?» ብዬ ስጠይቅ ተማሪው ዝም ይላል። ያኔ እንግሊዝኛውን ትተን ወደ ጥናቱ እንመለሳለን።

2. የጨለመውን ነገር ለዩ።

ከ«ኦን» በኋላ የሚመጣው ይህ ነው። ያልታወቀ፣ ያልተብራራ፣ ግራ ያጋባ መሆን አለበት። መንስኤ፣ ምክንያት፣ ችግር፣ ጥያቄ፣ እንቆቅልሽ፣ አሠራር፣ ያለፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ከሆነ ፈሊጡ አይሠራም፤ ቀን ላይ ባትሪ ማብራት ነውና።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጉዳያችሁ ፊት «ለምን» ወይም «እንዴት» ጨምሩበት። «ባቄላ» ብቻ ከሆነ አልጨለመም። «ባቄላው ለምን በውርጭ ይመታል» ከሆነ ጨልሟል። በእንግሊዝኛም እንደዚያው «ኦን ዋይ…» ወይም «ኦን ሃው…» ብላችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከ«ዋይ» እና «ሃው» በኋላ የሚመጣው የቃላት ቅደም ተከተል የጥያቄ አይደለም፤ የተራ ዓረፍተ ነገር ነው። «ኦን ዋይ ዱ ፋርመርስ ፕላንት ሌት» ስህተት ነው። «ኦን ዋይ ፋርመርስ ፕላንት ሌት» ትክክል ነው። «ዱ» ትወጣለች። የጥያቄ ምልክትም አይደረግም።

ሰውን ብቻውን ከ«ኦን» በኋላ አታስቀምጡ። «ሼድስ ላይት ኦን ፋርመርስ» ሲባል አርሶ አደሮቹ ምናቸው እንደጨለመ አይታወቅም። ኑሯቸው ነው? የመሬት ይዞታቸው? የዘር አመራረጣቸው? እሱን ጻፉ።

3. ብርሃን የሚሰጠውን ምረጡ።

የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ሳይሆን መረጃ ነው። ጥናት፣ ውጤት፣ ማስረጃ፣ ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ቁፋሮ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ። ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ይበልጥ የሚሄደው በንግግርና በጥያቄ ላይ ነው። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የሚበጀው ብርሃን የሰጠውን ነገር ለይቶ መጥራት ነው። «ዚስ ስተዲ» ከማለት «ከ40 አባወራዎች ጋር የተደረገው ቃለ መጠይቅ» ማለት የበለጠ ይናገራል። አንባቢው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሚያምነውም ይመዝናል።

4. ግሱን በትክክል ጻፉ።

«ሼድ» የሚጻፈው ኤስ፣ ኤች፣ ኢ፣ ዲ ተብሎ ነው። ድምፁ አጭር ነው። «ሼይድ» ግን ኤስ፣ ኤች፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ ነው፤ ትርጉሙ ጥላ ነው። «ሼይድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያላችሁት ከፈለጋችሁት ተቃራኒ ሊሆን ነው ማለት ነው። የኮምፒውተሩ የፊደል ማረሚያም ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም፤ ሁለቱም እውነተኛ ቃላት ናቸውና።

«ላይት» የሚጻፈው ኤል፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ተብሎ ነው። በጥድፊያ መጨረሻ ላይ ቲ ከኤች ይቀድማል። ይህን እንኳ ማረሚያው ያሰምርበታል፤ ግን በእጅ ለምትጽፉ ፈተና ላይ የሚያሰምር የለም።

ግሱ በጊዜ አይለወጥም። የአሁኑም የኃላፊውም «ሼድ» ነው። ሦስተኛውም ቅርጽ «ሼድ» ነው። «ሼድድ» የሚባል የለም። ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ሆኖ የአሁን ጊዜ ሲሆን ግን ኤስ ይጨመራል፤ «ሼድስ» ይሆናል። ወደ «ሼዲንግ» ሲሄድ ዲ ሁለት ጊዜ ትጻፋለች።

ኤስ የምትጨመርበት ቦታ ከምታስቡት በላይ ወሳኝ ነው። «ዘ ስተዲ ሼድስ» ካላችሁ አሁን ማለት ነው። «ዘ ስተዲ ሼድ» ካላችሁ ደግሞ ኃላፊ ጊዜ ይሆናል። ኤስ ስትረሱ አንባቢው ስህተት ነው ላይል ይችላል፤ ጊዜውን ግን አሳስታችሁታል። ገና ላልተሠራ ጥናት፣ ማለትም ለጥናት ምክረ ሐሳብ (ፕሮፖዛል)፣ «ዊል ሼድ» ወይም ረጋ ባለ አነጋገር «ኢዝ ኤክስፔክትድ ቱ ሼድ» በሉ። ገና ማሳው ላይ ሳትወርዱ «ሼድስ» ማለት ያላያችሁትን አየሁ ማለት ነው።

5. «ላይት»ን አትንኩት።

ከፊቱ «ኤ» አይገባም። ከኋላው ኤስ አይጨመርም። እዚህ ላይ ላይት ማለት አምፖል አይደለም፤ ብርሃን ነው። ውኃን አንድ ሁለት ብለን እንደማንቆጥር ይህም አይቆጠርም። አንዳንድ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኤ» ሲያስገቡ ትሰሙ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ላይ የምታገኙት ግን ያለ «ኤ» ነው፤ ለፈተናና ለጥናት ጽሑፍ እሱን ያዙ።

በመሐል ማስገባት የሚቻሉ ቃላት አሉ። «ኒው» አዲስ ብርሃን ነው፤ ቀድሞ የተጠና ጉዳይ ላይ አዲስ ነገር ስትጨምሩ ይሆናል። «ፈርዘር» ተጨማሪ ነው። «ሰም» ጥቂት ነው። «ኤኒ» የሚገባው በጥያቄና በአሉታ ነው። «ሊትል» ካላችሁ ደግሞ ብዙም አላበራም ማለት ነው። ይህቺን ቃል ሌሎች ጥናቶችን ስትገመግሙ ትፈልጓታላችሁ።

6. «ኦን» ብቻ።

«አባውት» አይሆንም። «ቱ» አይሆንም። «ፎር» አይሆንም። «አፖን» ይቻላል፤ ግን ጠንከር ያለ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ብርሃኑ ከላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ «ላይ» ነው። አማርኛችን እዚህ ይረዳናል፤ «በጉዳዩ ላይ ብርሃን ፈነጠቀ» እንላለን።

7. የታየውን ወዲያው ተናገሩ።

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን አጥብቄ እይዛለሁ። «ይህ ጥናት በባቄላ ምርት ችግር ላይ ብርሃን ፈነጠቀ» ብሎ አንቀጹን የሚዘጋ ተማሪ ብዙ ነው። እሺ፣ በራ። ምን ታየ? ባትሪ ይዞ ዕቃ ቤት የገባ ሰው ሲወጣ «አበራሁ» ብሎ አይቀርም። «ማዳበሪያው ተቀድዷል፤ አይጥ ገብቷል» ይላል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በዚያው ዓረፍተ ነገር «ባይ ሾዊንግ ዛት…» ብሎ መቀጠል ነው፤ «ይህን ይህን በማሳየት» ማለት ነው። ሁለተኛው ነጥብ አድርጎ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር በግኝቱ መጀመር ነው። እኔ ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። «ባይ ሾዊንግ ዛት» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ የምትሉት ካጣችሁ፣ ፈሊጡን መሰረዝ እንዳለባችሁ እዚያው ታውቃላችሁ።

የት ላይ ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ፣ የአጭር መግለጫው መጨረሻ ላይና ውጤቱ በሚተነተንበት ክፍል ጥሩ ይሄዳል። የጥናቱ ጠቀሜታ የሚገለጽበት ክፍል ላይም ይሄዳል። ቁጥሩና ሠንጠረዡ ያለበት ክፍል ላይ አታስገቡት። እዚያ ቁጥሩን ብቻ ተናገሩ።

8. ልኩን ጠብቁ።

ባትሪ አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚያሳየው። ፈሊጡም የሚለው «በከፊል ግልጽ አደረገ» እንጂ «ችግሩን ፈታ» ወይም «አረጋገጠ» አይደለም። ውጤታችሁ የተረጋገጠ ከሆነ በቀጥታ «ሾውስ» በሉ። ትንሽ ምልክት ብቻ ካላችሁ «ሜይ ሼድ» በሉ። «ሼድስ ላይት ኦን ኤንድ ሶልቭስ» ብሎ ሁለቱን ማያያዝ አያምርም። አንዱ ጥቆማ ነው፤ ሌላው መፍትሔ ነው።

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ይበቃል። በአምስት ገጽ ውስጥ አራቴ ያየሁበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ ካስፈለጋችሁ «ክላሪፋይ» ወይም «ኤክስፕሌይን» የሚሉ ተራ ቃላት አሉ። «ካስት ላይት ኦን» እና «ስሮው ላይት ኦን» የሚሉትም ትርጉማቸው አንድ ነው። «ካስት» እንደ «ሼድ» በጊዜ አይለወጥም። «ስሮው» ግን በኃላፊ ጊዜ «ስሩ» ይሆናል።

9. ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

በዓይን ብቻ ሲነበብ «ሼይድ» ያመልጣል። ከእኔም አምልጦኛል፤ ተማሪዋ ጥራዙን ካሠራች በኋላ ነው ያየነው። ገጹ እንደገና ታተመ፤ ገንዘቧም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ድምፅ ሳላወጣ አላልፋትም። እናንተም ለሌላ ሰው ብታነቡለት ይሻላል። ሰሚው «ታዲያ ምን ታየ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ወደ 7ኛው ደረጃ ተመለሱ።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እንበል አንድ ተማሪ አንጎለላ አካባቢ ስለ ባቄላና ውርጭ አጥንቷል። ያመጣው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«ዚስ ስተዲ ሼይድ ኤ ላይት አባውት ቢን ኢን አንጎለላ።»

መጀመሪያ በአማርኛ እንዲናገር አደርገዋለሁ። «አንዱን ማሳ ውርጭ ሲመታው ጎረቤቱ ያለው ለምን እንደሚተርፍ አናውቅም ነበር። ዘግይቶ የተዘራው ይበልጥ እንደሚጎዳ አየን» ይላል። ጥሩ፤ ሐሳቡ አለ። የጨለመው «አንዱ ማሳ ከሌላው ለምን ይበልጥ ይጎዳል» የሚለው ነው። ብርሃን የሰጠው ጥናቱ ነው። የታየው «ዘግይቶ የተዘራው» ነው። አሁን «ሼይድ» «ሼድስ» ይሆናል። «ኤ» ይወጣል። «አባውት» በ«ኦን» ይተካል። ውጤቱ ይህ ነው፦

«ዚስ ስተዲ ሼድስ ላይት ኦን ዋይ ሰም ፊልድስ ሰፈር ሞር ፍሮስት ዳሜጅ ዛን አዘርስ፣ ባይ ሾዊንግ ዛት ሌት-ሶውን ቢንስ አር ዘ ዎርስት ሂት።»

ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ። ግን አሁን የባቄላ ገበሬ ቢነበብለት የሚጠቅመው ነገር አለው።

በደብዳቤና በቃለ መጠይቅ

ብዙዎች የማያውቁት አጠቃቀም አለ። በትሕትና ማብራሪያ ለመጠየቅ ይሆናል። ለነፃ የትምህርት ዕድል አመልክታችሁ ማመልከቻው ያለ ምክንያት ተመለሰ እንበል። «ዋይ ዲድ ዩ ሪተርን ኢት?» ብላችሁ ብትጽፉ ቁጣ ይመስላል። «ኩድ ዩ ፕሊዝ ሼድ ሰም ላይት ኦን ዋይ ማይ አፕሊኬሽን ወዝ ሪተርንድ?» ካላችሁ ግን በአክብሮት ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱ ሰው ነው፤ «ዩ»። «ሰም» የገባችው የልመናውን ድምፅ ለማለስለስ ነው። «ኤኒ» ብትሉም ይሆናል።

ቀጥተኛ መልስ ላለው ነገር ግን አትጠቀሙበት። የመሐል ሜዳ መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል ለማለት ይህን ማምጣት ከልክ በላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ብርሃን ያለበት ፈሊጥ በእንግሊዝኛ ብዙ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል።

«ላይት አት ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ተነል» የሚለውን እኛ ለመረዳት ቀላል ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የጣርማ በርን ዋሻ ታልፋላችሁ። ውስጡ ሆናችሁ ከፊት ለፊት መውጫው ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ያ ብርሃን በአጠገባችሁ ያለውን ግድግዳ አላሳያችሁም። ጨለማው እንደሚያልቅ ብቻ ነው የነገራችሁ። ስለዚህ ይህ ፈሊጥ የተስፋ ነው፤ ከረጅም መከራ በኋላ የሚታይ ጭላንጭል። ማብራሪያ አይደለም። «ጥናቱ በዋሻው መጨረሻ ያለ ብርሃን ሆነ» ብላችሁ ምክንያቱ ታወቀ ለማለት አትጠቀሙበት።

«ጋይዲንግ ላይት» ለሰው ወይም ለመርሕ ነው። መንገድ የሚያሳይ፣ አርአያ የሆነ። በአማርኛ «ፋና» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። «ፋና ወጊ» ግን ሌላ ነው፤ ቀድሞ የጀመረ ማለት ነው። መምህራችሁን ስታመሰግኑ «ማይ ጋይዲንግ ላይት» ማለት ይቻላል። «ማይ ቲቸር ሼድስ ላይት ኦን ሚ» ማለት ግን አይቻልም።

«ብሪንግ ቱ ላይት» የተደበቀን ማውጣት ነው። ኦዲት የጠፋ ገንዘብ ሲያገኝ ይህ ነው የሚባለው። «ከም ቱ ላይት» ደግሞ ነገሩ ራሱ ሲወጣ ነው። በ«ሼድ» ሰዎች ችግሩ መኖሩን ያውቃሉ፤ ምክንያቱን ነው የማያውቁት። በ«ብሪንግ» ግን መኖሩንም አያውቁም ነበር።

«ኢን ላይት ኦፍ» ማለት «ይህን ከግምት በማስገባት» ነው፤ አያያዥ ብቻ ነው። የእንግሊዝ አገር አጻጻፍ በመሐሉ «ዘ» ይጨምርበታል። «ሲ ዘ ላይት» በመጨረሻ መረዳት ወይም ሐሳብን መለወጥ ነው። «ግሪን ላይት» ፈቃድ ነው፤ ይህን በአማርኛም አረንጓዴ መብራት እያልን ስለምንጠቀምበት አይከብድም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ሌሎች ስህተቶች

ትልቁ «አተኮረ» ለማለት መጠቀም ነው። «ይህ ጥናት በሴቶች ቁጠባ ላይ ያተኩራል» የሚለውን ብዙዎች «ሼድስ ላይት ኦን» ብለው ይተረጉሙታል። የሚያሳስተው «ላይ» የሚለው የእኛው ቃል ነው። ማተኮር ማየት መጀመር ነው፤ ብርሃን መፈንጠቅ ግን አይቶ መናገር ነው። ለማተኮር «ፎከስስ ኦን» አለላችሁ።

«ሃይላይት» ከሚለውም ጋር ይምታታል። ሃይላይት የታወቀን ነገር አጉልቶ ማሳየት ነው። ማርከር ይዛችሁ መጽሐፍ ላይ እንደምታሰምሩት ማለት ነው።

ሌላው ወደ ተደራጊ መገልበጥ ነው፤ «ላይት ወዝ ሼድ ኦን…»። በሰዋስው ስህተት የለበትም። ግን ብርሃኑን ማን እንደሰጠ ይጠፋል፤ ዓረፍተ ነገሩም ይንቀራፈፋል። ባለቤቱን ፊት አምጡት።

ወደ አማርኛ ስትመልሱት

ይህንንም የሚጠይቁኝ አሉ፤ በተለይ የጥናት ጽሑፋቸውን ለወረዳው በአማርኛ አሳጥረው የሚያቀርቡ። ሁልጊዜ «ብርሃን ፈነጠቀ» ብላችሁ አትመልሱት። አማርኛችን እንደ ጉዳዩ የሚለዋውጣቸው ቃላት አሉት። ትንሽ ምልክት ከሆነ «ፍንጭ ሰጠ» በሉ። ግራ ያጋባ ነገር ከጠራ «ግልጽ አደረገ» ወይም «አብራራ» በሉ። «ብርሃን ፈነጠቀ» የሚለውን ረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ለቆየ ትልቅ ጉዳይ አቆዩት። ባቄላው ላይ የሠራው ተማሪ ለአርሶ አደሮቹ ሲያቀርብ የምንጽፍለት «ውርጭ አንዱን ማሳ ከሌላው ይበልጥ ለምን እንደሚጎዳ ጥናቱ ፍንጭ ሰጥቷል፤ ዘግይቶ የተዘራው ይበልጥ ይመታል» የሚል ነው።